የሞባይል አፕ ዋጋ አቆራረጥ፦ ከባሕር ዳር ሱቆች እስከ ጣና ገዳማት

አፕ ሠርቶ የጨረሰ ሰው ቶሎ የሚመጣበት ጥያቄ «ስንት ልበለው?» የሚል ነው። ከቁጥሩ በፊት ግን ሁለት ነገር መለየት አለበት። ገንዘቡን የሚያወጣው ማን ነው? ገንዘቡስ በምን በኩል ይደርሳል? በእኛ ከተማ የአፕ ዋጋ ሲበላሽ የምናየው ብዙውን ጊዜ ቁጥሩ ስለበዛ አይደለም። በአፑ የሚያተርፈው ሰው ተትቶ፣ አፑን በእጁ የያዘው ሰው ስለተጠየቀ ነው።

ከዚህ በታች በዋናነት የምንሄድበት ምሳሌ የዱቤ መዝገብ አፕ ነው። ባለሱቁ ማን ምን እንደወሰደ ይመዘግባል፣ የመክፈያው ቀን ሲደርስ ለወሳጁ አጭር መልእክት ይሄዳል፣ ሲከፈል ይሰረዛል። ቀላል ሥራ ነው፤ ግን ዋጋ ላይ የሚያስቸግረው ነገር ሁሉ ይገኝበታል።

ከፋዩን መለየት

ዱቤ ላይ ሰጪና ወሳጅ አለ። መልእክቱ የሚደርሰው ለወሳጁ ነው፣ ገንዘቡ የሚሰበሰብለት ግን ሰጪው ነው። ስለዚህ ከወሳጁ 1 ብርም አይጠየቅም፤ አፑን መጫንም የለበትም።

የጣና አስጋሪዎችን ከሆቴል ጋር የሚያገናኝ አፕ ቢሆንም ነገሩ ያው ነው። አስጋሪው ስንት ኪሎ ቆሮሶ፣ ስንት ኪሎ አምባዛ እንዳለው በጠዋት ያስገባል፣ ሆቴሉ ያዝዛል። ክፍያውን አስጋሪው ላይ ብትጥሉት ስልክ ይለዋወጡና ከእናንተ ውጭ ይገበያያሉ። ሆቴሉን ጠይቁት፤ ዓሣው በሰዓቱ መድረሱ፣ በተለይ በሁዳዴ ፈላጊው ሲበዛ፣ የሚያሳስበው እሱን ነው። ያም ቢሆን በኪሎ ኮሚሽን አትጠይቁ። በእያንዳንዱ ኪሎ ላይ የሚቆረጥ ገንዘብ በእያንዳንዱ ኪሎ ላይ ለመሸሽ ምክንያት ይሆናል። ቁርጥ ያለ ወርኃዊ ክፍያ ሲሆን ግን ሆቴሉ ብዙ ባዘዘ ቁጥር ለእሱ እየረከሰ ይሄዳል፣ ከእናንተ ውጭ መገበያየቱም ትርፍ የለውም።

የ12ኛ ክፍል ፈተና መለማመጃ ከሆነ የሚጠቀመው ተማሪው ነው፣ የሚከፍሉት ወላጆች ናቸው። ወላጅ አፑን ከፍቶ አያይም። ስለዚህ የዋጋው ገጽ ልጁ ለአባቱ በአንድ እይታ ሊያሳየው የሚችል ይሁን፤ የትኞቹ ትምህርቶች፣ እስከ መቼ፣ በስንት። ይህን በወር በወር አትሽጡት። «እስከ ፈተናው ቀን» ብላችሁ አንድ ጊዜ አስከፍሉ። ወላጅ በየወሩ ለአፕ ገንዘብ ሲጠየቅ ሁለተኛው ወር ላይ «ስልኩን ተወውና መጽሐፍህን አንብብ» ማለቱ አይቀርም።

ወለሉን ማስላት

ወለል ማለት ከዚያ በታች ከሸጣችሁ ወጪያችሁን የማትመልሱበት ዋጋ ነው። ወጪውን ለሁለት ክፈሉት፤ ደንበኛ ኖረም አልኖረም በየወሩ የሚወጣውና ከእያንዳንዱ ደንበኛ ጋር አብሮ የሚመጣው። የሚከተሉት ቁጥሮች ለማሳያ የተያዙ ናቸው፣ የራሳችሁን ተኩባቸው። ዶላሩን በ150 ብር ይዘነዋል፤ እናንተ በቀኑ የባንክ ምንዛሪ አስሉት።

ሰርቨር፣ 10 ዶላር፦ 1,500 ብር
መጠባበቂያ ቅጂ ማስቀመጫ፣ 3 ዶላር፦ 450 ብር
ዶሜይን (የድረ ገጽ ስም)፣ በዓመት 15 ዶላር፦ በወር 188 ብር
የድጋፍ ስልክና ዳታ፦ 1,200 ብር
ለግማሽ ቀን ሱቅ ለሱቅ የሚዞር ልጅ፦ 6,000 ብር
የራሳችሁ ደመወዝ፦ 20,000 ብር

ድምሩ 29,338 ብር ነው። 10 በመቶ መጠባበቂያ ሲጨመርበት ወደ 32,300 ይጠጋል። የመጨረሻዋን መስመር ዜሮ የሚያደርጉ ብዙ ናቸው፤ «ለጊዜው ለራሴ አልከፍልም» ይላሉ። ከዚያ ደህና ሥራ ሲገኝ አፑ ይጣላል፣ ባለሱቁም የማይከፈት መዝገብ ታቅፎ ይቀራል። የዶላሩን ወጪ በሌላ ሰው ካርድ የምትከፍሉ ከሆነ ሰውዬው የሚጨምርባችሁንም እዚሁ አስገቡት።

አሁን በአንድ ደንበኛ ላይ የሚወጣውን እንይ። ዋጋውን በወር 200 ብር አልነው እንበል፣ ለቫትም ተመዝግባችኋል። 200 ብሩ ቫትን ጨምሮ ከሆነ የእናንተ ድርሻ 200 ለ1.15 ሲካፈል፣ ማለትም 173.91 ብር ነው። ብዙ ሰው ከ200 ላይ 15 በመቶ ቀንሶ 170 ይላል፤ ይህ ስሕተት ነው፣ ቫቱ 26.09 እንጂ 30 ብር አይደለም። የክፍያ አስተላላፊው ከ200 ላይ 2.5 በመቶ ይወስዳል ብለን ብንይዝ 5 ብር። ደንበኛውን ላመጣው ኤጀንት ከ173.91 ላይ 15 በመቶ ኮሚሽን ሌላ 26.09 ብር። የአጭር መልእክት 5 ብር። የሚተርፈው 137.82 ብር ነው።

32,300ን ለ137.82 ስታካፍሉት 235 ሱቅ ይመጣል። ዋጋችሁ 200 ብር ከሆነ 235 ከፋይ ሱቅ እስክታገኙ ድረስ ከኪሳችሁ ትጨምራላችሁ ማለት ነው። 100 ሱቅ ብቻ የምታገኙ ከመሰላችሁ ደግሞ ከእያንዳንዱ የተጣራ 323 ብር መቅረት ስላለበት የሚጠየቀው ዋጋ ከ450 ብር በላይ ይሄዳል። ይህን ቁጥር ያዙትና ወደ ሱቁ እንግባ።

ጣሪያውን ከባለሱቁ ማግኘት

«ለዚህ አፕ ስንት ይከፍላሉ?» ብሎ መጠየቅ ከንቱ ነው። ሰው ፊት ለፊት «ውድ ነው» ማለት ይከብደዋል፤ ይሉኝታው የሐሰት ተስፋ ይሰጣችኋል። ወይም ድርድር የተጀመረ መስሎት ግማሹን ይጠራል። መጠየቅ ያለበት የሚጎድለው ገንዘብ ነው። አነጋገሩ እንዲህ ቢሆን ይሻላል፦

«ጋሼ፣ ባለፈው ወር ቀኑ አልፎ ያልተከፈለዎት ዱቤ ስንት ይሆናል?»

«ኧረ ተወኝ ልጄ፣ እሱን ማን ቆጥሮት!»

«ደብተሩን ካዩት አብረን እንደምረው?»

ደብተሩ ሲወጣ ዝም ብላችሁ እዩ። ስሙ የተሰረዘ፣ «የአስቴር እናት» ተብሎ ያለ ስልክ የተጻፈ፣ ገጹ ዘይት ጠጥቶ ቁጥሩ የማይነበብ መስመር ይኖራል። እነዚህን ለብቻ ቁጠሩ፤ የእናንተ አፕ የሚያድነው ከነዚህ ውስጥ የተወሰነውን ነው፣ ሁሉንም አይደለም። መክፈል የማይፈልገውን ሰው መልእክት አያስከፍለውም፤ የረሳውን ግን ያስታውሰዋል። በ10 ሱቅ የ3 ወር ደብተር ደምሩና አማካዩን ያዙ። በየወሩ ቀኑ ያለፈበት ዱቤ 4,000 ብር ሆኖ፣ ከዚያ ውስጥ በመዘንጋትና በደብተር ጉድለት የቀረው 1,200 ቢሆን፣ ጣሪያችሁ፣ ማለትም ልትጠይቁት የምትችሉት ትልቁ ዋጋ፣ የሚለካው በ1,200ው ነው።

ከዚህ አንድ አምስተኛውን መጠየቅ በእኛ አስተያየት ልከኛ ነው፤ 240 ብር። ግማሹን ብትጠይቁ ባለሱቁ «ከሌባ አድኖኝ እሱ ወሰደው» ይላል፤ አንድ ሃያኛውን ብትጠይቁ ወለሉን አትደርሱበትም።

ቁጥሩን በሌላ መንገድ ማረጋገጥ የፈለገ ሰው የሆላንዱ ኢኮኖሚስት ፒተር ቫን ዌስተንዶርፕ በ1976 እ.ኤ.አ. ያቀረባቸውን አራት ጥያቄዎች መጠቀም ይችላል። አፑን ካሳያችሁ በኋላ፦ ስንት ቢሆን ጭራሽ አይገዙትም? ስንት ቢሆን ርካሽነቱ ያጠራጥርዎታል? ስንት ቢሆን ተወደደ ቢሉም አስበው ይገዙታል? ስንት ቢሆን ጥሩ ዋጋ ነው ይላሉ? ከ20 ያላነሱ ሰዎች ይጠየቁ። ጠያቂው አፑን የሠራው ሰው አይሁን፤ ከላይ ያልነው ይሉኝታ እዚህም ይሠራል። ከሁሉም የሚበልጠው ማረጋገጫ ግን ቀብድ ነው። «በሚቀጥለው ሳምንት እንጭንልዎታለን፣ 50 ብር ያስይዙ» በሏቸው። ከ10 ሰው ያስያዙት 3 እንኳ ካልሞሉ የወደዱት አፑን ሳይሆን እናንተን ነው።

ወለሉ ከጣሪያው በላይ ሲወጣ፣ እንደ 100 ሱቁ ምሳሌ፣ ችግሩ በዋጋ አይፈታም። ወይ ወጪ ይቀነሳል ወይ ከፋዩ ይቀየራል። ለ60 ሱቆች ዕቃ በዱቤ የሚያድል ጅምላ አከፋፋይ የሚጎድለው ገንዘብ ከአንድ ኪዮስክ ጋር አይወዳደርም። ያንኑ አፕ ትንሽ አሻሽሎ በወር በ3,000 ብር ለ12 አከፋፋይ መሸጥ፣ ለ235 ሱቅ ከመሮጥ የቀለለ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን አከፋፋዩ እንደ ድርጅት ስለሚገዛ ፕሮፎርማ ይጠይቃል፣ ደረሰኝ ይፈልጋል፣ ዊዝሆልዲንግ (ከክፍያው ላይ ቀድሞ የሚያዝ ግብር) ሊቆርጥም ይችላል። የንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ሳይኖራችሁ እዚያ በር አትድረሱ። ፕሮፎርማው ላይም ዋጋው ቫትን ይጨምር አይጨምር በግልጽ ጻፉ፤ ካልተጻፈ ገዢው ሁልጊዜ «ይጨምራል» ብሎ ነው የሚረዳው።

ጥቅልና ምርቃት

ሰው በሞባይል ካርድ የለመደውን አከፋፈል ተከተሉ። የቀን፣ የሳምንት፣ የወር ጥቅል የሚለውን ማንም ይረዳዋል። የምትሸጡት «የወር ጥቅል» ይሁን፣ እሱም 30 ቀን ማለት ይሁን። በየወሩ ከሒሳቡ ራሱ እየቆረጠ የሚታደስ ክፍያ ላይ አትመኩ፤ ደንበኛው በየወሩ አስቦና ወስኖ ይከፍላል ብላችሁ ስሌቱን ሥሩ። ይህ ማለት በየወሩ ጥቂት ደንበኛ ይንጠባጠባል፣ የሚዞረው ልጅ ደመወዝም ከንቱ አይደለም ማለት ነው።

የዓመት ጥቅል ለማቅረብ የወሩን 10 እጥፍ ያዙ፤ 200 ብር ከሆነ 2,000 ብር። 12 ጊዜ 30 ቀን 360 ይሆናል፣ ጳጉሜን በምርቃት ስጡት። ባለሱቁ «ጳጉሜ በነፃ» ሲባል ይስቃል፣ ይገባዋልም። ግን ከማወጃችሁ በፊት ወለሉን እንደገና አስሉ። 2,000 ለ1.15 ሲካፈል 1,739.13 ነው። ከዚያ 50 ብር የክፍያ አስተላላፊ፣ 260.87 የኤጀንት ኮሚሽን፣ 60 ብር መልእክት ሲወጣ 1,368.26 ይቀራል፤ በወር 114 ብር። ሁሉም ሰው የዓመቱን ቢገዛ 235 የነበረው 284 ሱቅ ይሆንባችኋል። መፍትሔው ለዓመት ጥቅል ኮሚሽኑን ወደ 8 በመቶ ማውረድ ነው፤ ኤጀንቱ አንድ ጊዜ ሄዶ 139 ብር ሲያገኝ አይከፋም፣ እናንተም በወር 124 ብር ይቀርላችኋል።

«ስንት ይቀንሳል?» መባሉ አይቀርም። በዋጋው ላይ አትደራደሩ። ለአንዱ 170 ብር ካላችሁ ወሬው በዕቁቡ ቀን ሌሎቹ ጋር ይደርሳል፣ ከዚያ በኋላ 200 ብር የሚባል ዋጋ የለም። ቅናሽ ሲጠየቅ ቀን ጨምሩ። «ዋጋው ያው ነው፣ እርስዎ ግን 10 ቀን ምርቃት አለዎት» ሲባል የተከበረ ይመስለዋል፣ እናንተን የሚያስወጣችሁም የጥቂት መልእክት ገንዘብ ነው። ኤጀንቱ የሚሰጠው ምርቃት ከ10 ቀን እንዳይበልጥ ሲስተሙ ላይ ገደብ አስቀምጡ፤ ካለበለዚያ የራሱን ሽያጭ ለማብዛት ወር ሙሉ ያድላል።

ቁጥሩን መጨረስ

ፕሌይ ስቶር ላይ ዋጋ በ99 ማለቁ የተለመደ ነው። ለባለሱቅ ግን 199 ብር ብልጠት ይመስላል፤ እሱ ራሱ ሲሸጥ የሚያውቃት ዘዴ ናትና። ከዚያም በላይ ዘጌ ወይም ደቅ ላይ ያለ ኤጀንት ጥሬ ገንዘብ ነው የሚቀበለው፤ 1 ብር መልስ ፍለጋ መዞር የለበትም። 200 ብር አንድ ኖት ነው፣ ትልቁ ኖታችንም እሱው ነው። ስሌቱ 185 ወይም 215 ቢሰጣችሁ 200 አድርጉት። 240 ከሰጣችሁ ወደ 250 ከማሳደግ ይልቅ መጀመሪያ በ200 ገብቶ በኋላ መጨመር ይሻላል።

ፕሌይ ስቶር ላይ ከመውጣታችሁ በፊት

ይህን ክፍል ቀስ ብላችሁ አንብቡ፣ አንዳንዱ ውሳኔ አይመለስም። የጉግል ፕሌይ መመዝገቢያ 25 ዶላር ነው፣ አንድ ጊዜ ብቻ። በግል ስም የተከፈተ አዲስ አካውንት አፑን ለሕዝብ ከማውጣቱ በፊት 12 ሰው ለ14 ተከታታይ ቀናት እንዲሞክረው ይጠየቃል። እነዚህን 12 ሰዎች ከእውነተኛ ባለሱቆች ምረጡ፤ «ለሞካሪ ዕድሜ ልክ በነፃ» ግን አትበሉ። 3 ወር ይበቃል።

በነፃ የወጣ አፕ በኋላ ወደ ሚሸጥ አፕ አይቀየርም። በሌላ የፓኬጅ ስም (አፑ በስቶሩ የሚታወቅበት መለያ) እንደ አዲስ ማውጣት ግድ ይሆናል፣ ያኔ የሰበሰባችሁት አስተያየትና የጫነው ሰው ሁሉ በአሮጌው ላይ ይቀራል። ከሚሸጥ ወደ ነፃ ግን ይሄዳል፤ እሱም ከሄደ አይመለስም። ለዱቤ መዝገቡ ትክክለኛው መንገድ አፑን በነፃ አውጥቶ ክፍያውን በአካውንቱ ላይ ማድረግ ነው። ሰው አፑን በብሉቱዝ፣ በቴሌግራም ይለዋወጠዋል፤ መጫኛው ፋይል ላይ ዋጋ ብታስቀምጡ አንዱ ገዝቶ 40ው ይጭነዋል። ክፍያው ከስልክ ቁጥር ጋር የታሰረ ከሆነ ግን መለዋወጣቸው ማስታወቂያ ይሆንላችኋል።

ሌላው ወጥመድ የክፍያ ፖሊሲው ነው። በፕሌይ ስቶር የተሰራጨ አፕ ውስጥ ዲጂታል አገልግሎት ሲሸጥ፣ ከተወሰኑ አገሮችና መርሐ ግብሮች በስተቀር፣ በጉግል የክፍያ ሥርዓት እንዲሆን ይጠየቃል። አፑ ውስጥ «በቴሌብር ይክፈሉ» የሚል ቁልፍ አስቀምጣችሁ ብታወጡት ሊነሣ ይችላል። ዓሣ ማድረስ፣ ጀልባ ማከራየት፣ ባጃጅ መጥራትን የመሰለ በአካል የሚሰጥ ነገር ግን ከዚህ ውጭ ነው፤ እዚያ ቴሌብሩ ይፈቀዳል። ለዱቤ መዝገቡ የሚሠራው፣ ሽያጩን ከአፑ ውጭ በኤጀንትና በስልክ አካሂዶ፣ አፑን መግቢያ ብቻ ማድረግ ነው። የከፈለ ሰው በስልክ ቁጥሩ ገብቶ ይጠቀማል፤ አፑ ውስጥ የዋጋ ዝርዝርም ሆነ የመክፈያ ማስፈንጠሪያ አይኖርም።

በጉግል በኩል መሸጥ የምትፈልጉ ደግሞ ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት በሻጭነት መመዝገብ የሚፈቀድባቸውን አገሮች ዝርዝር ተመልከቱ። አፕ ማውጣትና በአፕ ገንዘብ መቀበል ሁለት የተለያዩ ፈቃዶች ናቸው፣ ዝርዝራቸውም ይለያያል።

የጉግል መንገድ የሚያዋጣው ለውጭ ከፋይ ነው። የጣና ገዳማትን የሚያስጎበኝ አፕ እናስብ። የትኛው ገዳም ሴት እንደማይገባበት፣ ለምሳሌ ክብራን ገብርኤል፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ለመድረስ ከወደቡ ስንት ደቂቃ በእግር እንደሚኬድ፣ ካርታው ሐይቁ መሃል ያለ ኔትወርክ የሚከፈት። ቱሪስቱ ጀልባ ላይ ከመውጣቱ በፊት ገዝቶ፣ ማታ ሆቴል ሲመለስ ጨርሶታል። እዚህ ወርኃዊ ጥቅል ቀልድ ነው፤ አንድ ጊዜ አስከፍሉ። 2.99 ዶላር ብትሉት፣ ከጁላይ 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓመት እስከ 1 ሚሊዮን ዶላር ድረስ ባለው ገቢ ላይ የተቀመጠው የጉግል ድርሻ 15 በመቶ ስለሆነ 2.54 ይደርሳችኋል። ቅናሹ ግን ራሱ አይመጣም፤ ፕሌይ ኮንሶል (የጉግል የአፕ ሠሪዎች ገጽ) ላይ ካልተመዘገባችሁለት 30 በመቶ ይቆረጣል። ገዢው በ48 ሰዓት ውስጥ ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችልም አስቡ፤ የአንድ ቀን ጉብኝት አፕ ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የአፕል ምዝገባ በዓመት 99 ዶላር ነው። ለዱቤ መዝገቡ አያስፈልግም፤ ለቱሪስቱ አፕ ግን ያዋጣል፣ ገዢዎቹ አይፎን የያዙ ናቸውና።

ገንዘቡ ሲገባ

ኤጀንት የስክሪንሾት ማስረጃ እንዳይቀበል ከልክሉ። የተስተካከለ ስክሪንሾት ለመሥራት ደቂቃ አይፈጅም። ጥቅሉ የሚከፈተው የግብይት ቁጥሩ በእናንተ ሒሳብ ላይ ሲታይ ብቻ ይሁን፤ አንድ የግብይት ቁጥርም ሁለት ጊዜ እንዳይሠራ ዳታቤዙ ይከልክል። ባለሱቁ በልጁ ወይም በሚስቱ ስልክ ሊከፍል ስለሚችል በከፋዩ ስም ለማመሳከር አትሞክሩ።

ጥቅሉ የሚያልቅበትን ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር አሳዩ፣ ውስጥ ለውስጥ ግን በቀን ብዛት አስሉት። «ጥር 30» ተብሎ የተነገረው ሰው ስልኩ «ፌብሩዋሪ» ሲለው ተታለልኩ ይላል። ማብቂያው ሱቅ ከተዘጋ በኋላ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ይሁን፤ ቀትር ላይ ደንበኛ ቆሞ የሚዘጋ መዝገብ ሁለተኛ አይከፈልበትም።

ኢንተርኔት በሚቋረጥበት ጊዜ የከፈለው ሰው መክፈሉን ማረጋገጥ አይቻልም። ስለዚህ ከማብቂያው በኋላ 7 ቀን ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ ፍቀዱ። የስልኩን ሰዓት ወደ ኋላ የሚመልስ ይኖራል፤ አፑ መጨረሻ ያየውን ሰዓት ያስቀምጥ፣ ሰዓቱ ወደ ኋላ ከሄደ አንድ ጊዜ እንዲገናኝ ይጠይቅ። ካልከፈለ ደግሞ አዲስ መመዝገብና መልእክት መላኩ ይቁም እንጂ የድሮው ዱቤ አይደበቅበት። የሰውን የገንዘብ መዝገብ መያዣ ማድረግ ቁጣ ብቻ ነው የሚያተርፈው።

ሙከራውን ማንበብ

ሁለት ዋጋ ለመሞከር አንዱን ቀበሌ በ150፣ አጠገቡ ያለውን በ250 አትሽጡ፤ በአንድ ገበያ ቀን ይታወቃል። አንዱን በባሕር ዳር፣ ሌላውን ወረታ ላይ ሞክሩ፣ በእያንዳንዱ 30 ሱቅ። በ150 ብር 18 ገዝተው 14 አደሱ፣ በ250 ብር 13 ገዝተው 11 አደሱ እንበል። የገዛውን ሰው ቁጥር የሚያይ 150ን ይመርጣል። የሁለተኛው ወር ገቢ ግን 2,100 እና 2,750 ብር ነው፤ ደግሞ 11 ሱቅ የሚደውልላችሁ ከ14 ያነሰ ነው። ሁልጊዜ የሚታየው የታደሰው ነው፤ የመጀመሪያው ወር ሽያጭ የኤጀንቱን አንደበት ይለካል።

ዋጋ መጨመር

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። የዓመት ጥቅል ሸጦ ሰርቨሩን በዶላር የሚከፍል ሰው በእንዲህ ያለ ጊዜ ቀሪዎቹን ወራት በኪሳራ ነው የሚጨርሰው። ስለዚህ በየ6 ወሩ ወለሉን እንደገና አስሉ፤ ከ15 በመቶ በላይ ከፍ ካለ ጨምሩ፣ ካላለፈ ተዉት። በየጊዜው 10፣ 10 ብር መጨመር ከአንድ ጊዜ 50 ብር ይልቅ ያስቀይማል። መስከረምን ለቀቅ አድርጉ፤ በዓሉና የትምህርት ቤት ክፍያው ሁሉንም ሰው ያራቆተበት ወር ነው። ሠርግ የሚበዛበት ጥር ወይም ሚያዝያ ባለሱቁ የሚሸጥበት ጊዜ ስለሆነ ይሻላል።

ማስታወቂያው ከ30 ቀን በፊት፣ በአጭር መልእክት ይላክ፤ «ከጥር 1 ጀምሮ የወር ጥቅል 250 ብር ይሆናል። ቀድመው የከፈሉበት ጊዜ እስኪያልቅ ምንም አይጨመርብዎትም።» ምክንያት ከተጠየቀ ኤጀንቱ በአፉ ያስረዳ፣ መልእክቱ ላይ አይጻፍ። በነዚያ 30 ቀናት ውስጥ በድሮው ዋጋ እስከ 6 ወር ቀድሞ መክፈል ይፈቀድ፤ ብዙዎቹ ይህን ይወዱታል፣ ለእናንተም ገንዘቡ በአንድ ጊዜ ይገባል። ከ6 ወር በላይ ግን አትቀበሉ፤ ያን ጊዜ የሰርቨሩን ሒሳብ የምትከፍሉት በዛሬው ምንዛሪ አይደለምና።